የአባባ ይርጋ ጠገራና የእኔ አፍ

ሰላም ናችሁ ግን? እኔ አይደለሁም!

ዛሬ ያፈርኩትን ማፈር ለጠላቴም አልመኘውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለመንኳት፤ የደብረ ማርቆስ መሬት እንደሆነች ጠንካራ ናት፣ እምቢ አለች።

ለአዲስ ገቢዎች ልንገራችሁ። ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ አልበም እሠራለሁ። ትርፍ ጊዜዬን ግን አሮጌ ሳንቲም ላይ ነው የማጠፋው። እዚህ ፔጅ ላይ የሳንቲም ፎቶ ትልኩልኛላችሁ፣ እኔም እንደ ዳኛ ተኮፍሼ "ይኼ ዓይን ይገባል፣ ይኼ አይገባም" እላለሁ።

ማን ሾመኝ? ማንም!

በተለይ በቶኒንግ አትምጡብኝ። ቶኒንግ ማለት ብር ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ላዩ ላይ የሚያወጣው ቀለም ነው። መጀመሪያ ወርቃማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ መጨረሻ ሰማያዊ ይወጣዋል። በደንብ ሲመጣ የእርግብ አንገት ነው የሚመስለው። ሰብሳቢ ለእሱ ይሞታል። አጭበርባሪም ይህን ስለሚያውቅ ሳንቲሙን በእሳትና በኬሚካል ጠብሶ ያመጣዋል። የእኔ ሥራ (የእኔ ጉራ ማለቴ ነው) ሁለቱን በዓይን መለየት ነው።

አንድ መመሪያም ነበረችኝ። "እኔ ሳንቲም ነው የማየው፣ ታሪክ አልሰማም!"

ሻጭ ሁሉ ታሪክ አለዋ! አንዱ ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው ይላል፣ አንዱ የቅድመ አያቴ ሽልማት ነው ይላል። ስለዚህ መመሪያዋን ፔጁ አናት ላይ ሰክቻት ነበር። ዛሬ ነቅያታለሁ፣ አትፈልጓት።

እሺ፣ ወደ ውርደቴ።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ መጡ። ሰማንያዎቹን አጋምሰዋል፣ ግን አካሄዳቸው ቀጥ ያለ ነው። ቀደም ሲል ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ መስታወት ሥር የደረደርኳቸውን ሳንቲሞች አይተው "እኔም ቤት አንዲት አለችኝ" ብለውኝ ነበር። ይዘዋት መጡ። በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ጨርቁ በፌስታል፣ ፌስታሉ ደግሞ በኮታቸው የውስጥ ኪስ።

ጠገራ ብር ናት፣ ማርያ ትሬዛ የምንላት።

ወገን፣ ቀለሟ! ግማሿ ሰማያዊና ወይን ጠጅ፣ ግማሿ ወርቅ። መብራት ሥር ዘንበል ሳደርጋት ቀለሙ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

ችግሩ መሐሏ ላይ ነው። ሰማያዊውና ወርቁ የሚገናኙበት ቦታ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የተፈጥሮ ቀለም ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው፣ እንዲህ አይዘልም። አሃ! አልኩ። ያዝኳት!

ላይቭ ገባሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም ከበቡን። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ይች ብር እንግዲህ ልጄ፣ በጣሊያን ጊዜ..." ብለው ሲጀምሩ እጄን አነሳሁ። ታሪኩ ይቆየን አልኳቸው።

ሽማግሌ አቋረጥኩ። ጎጃም ውስጥ! እናቴ ላይቩን አይታው ኖሮ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

ከዚያ ብሯን ለካሜራው እያገላበጥኩ ፈረድኩ። "ይቺ በእሳት የተጠበሰች ናት አባባ። የሆነ ሰው ሸውዶዎታል።"

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ላይኩ ዘነበ። አባባ ግን አልሳቁም። ብሯን መልሰው ጠቀለሏትና "ማን ገብቶ ለወጣት?" እያሉ ለራሳቸው አጉረመረሙ። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ደግሞስ መቼ ልስማ? ኮሜንት እያነበብኩ ነበራ!

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? የእኔ በላይቭ ታየ።

ዛሬ አባባ ይርጋ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው በርቷል። ጨርቁን ፈትተው ብሯን መስታወቱ ላይ ጠቅ አደረጓት።

ነጭ! እንደ አዲስ ማንኪያ!

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ነገሩኝ። እኔን አምነው፣ እውነተኛዋን ብር ሰው ሰርቆ ሐሰተኛ ተክቶባቸው መስሏቸዋል። የወንድማቸውን ልጅ ጠርጥረው ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሰዋል። በመጨረሻ አመድና ሎሚ አምጥተው፣ ከሥሯ ምን እንደሚወጣ ለማየት እስክትነጣ ድረስ ፈተጓት። ብር ሆና ወጣች። ከድሮ ጀምሮ የሚያውቋት ጠርዟ ላይ ያለችው ጭረትም አለች።

"የራሴው ናት። አሁንስ አማረች?" አሉኝ።

ለማታውቁ፣ የተፈተገ ሳንቲም ለሰብሳቢ የሞተ ሳንቲም ነው። ያ ቀለም አንዴ ከሄደ አይመለስም። እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ ዋጋዋ አላሰብኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳንቲም ታሪክ ጠየቅሁ። የት ነበር የምትቀመጠው አባባ?

"ዝናር ውስጥ ነዋ" አሉ።

አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ዱር ገብተው ነበር። ጣሊያን ጠገራውን አምጡና ወረቀት ሊሬ ውሰዱ ብሎ አገሩን ሲያስጨንቅ፣ እናታቸው አንዲት ብር ደብቀው አስቀርተዋል። ባላቸው አንድ ሌሊት ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ከተቸገርህ ጨው ግዛባት ብለው ሰጧቸው። እሳቸውም ከዝናራቸው ኪሶች ጥይት ያለቀበትን መርጠው እዚያ ከተቷት። ከዚያ ጓደኞቻቸው ዝናሩን ብቻ ይዘው መጡ። ብሯ ሳትመነዘር እዚያው ነበረች፣ ግማሿ በቆዳው ተሸፍኖ፣ ግማሿ ከኪሱ አፍ ብቅ ብሎ።

ግማሿ። በቢላ የተቆረጠ ያልኩት መስመር የኪሱ አፍ ነው። ብርን ሰማያዊ የሚያደርገው ደግሞ ድኝ ነው፤ የድሮ ባሩድ ድኝ አለበት። ቀለሟን የሠራው ያ ዝናር ነበር እንጂ አጭበርባሪ አልነበረም።

አባባ ይርጋ ያኔ ገና በእናታቸው ሆድ ነበሩ። አባታቸውን አላዩም፣ ፎቶም የለም። እናታቸው ግን በየዓመቱ፣ የሞቱበት ቀን ሲደርስ፣ ብሯን ከዝናሩ አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ያስጠጉላቸው ነበር። "እንካ፣ አባትህ እንዲህ ነበር የሚሸተው" እያሉ። እናታቸው ካረፉም በኋላ እሳቸው አላቋረጡም።

ሰማንያ ዓመት ሙሉ ይሸታል ወይ አትበሉኝ። እኔ እንጃ። እሳቸው ይሸታቸው ነበር።

መዋሸት እችል ነበር፣ አማረች ብዬ። አልሆነልኝም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የድሮው ቀለም እውነተኛ ነበር፣ ማንም አልለወጣትም አልኳቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ።

አባባ ብሯን ከመስታወቱ ላይ አነሱ። እንደ ልማዳቸውም ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት።

"ሎሚ ሎሚ ትላለች" አሉ።

አልተቆጡኝም እኮ! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብሯን በጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል አድርገው ኪሳቸው ከተቱ። ያን የወንድሜን ልጅ ይቅርታ ልጠይቀው፣ ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ ብለው ወጡ። ከእኛ ከሁለታችን ይቅርታ ለመጠየቅ የቸኮሉት እሳቸው ናቸው።

እነሆ አሁን ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የቅዳሜውን ቪዲዮ ላጠፋው ከፈትኩት። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደረሰ። ግን ብሯ እዚያ ውስጥ መብራት ሥር ዘንበል ትላለች፣ ሰማያዊው ይሄዳል፣ ወርቁ ይመጣል። ያ ቀለም በዓለም ላይ የቀረው እዚያች ቪዲዮ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከእኔ ሳቅ ጋር ተጣብቆ። እንዴት ላጥፋው?

ከቪዲዮው ላይ አንዱን ምስል አውጥቼ በትልቁ አትሜዋለሁ። ነገ ሮብ ገበያ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ፎቶ እንደማይሸት አውቃለሁ። እኔ መቼም የምችለው እሱን ብቻ ነው።

ቪዲዮውን የምታዩ ሰዎች ግን አደራ፣ ድምፁን ዝጉት። ብሯን እዩ፣ እኔን አትስሙኝ።