ኃላፊው በእግራቸው ሲሄዱ ታዩ

በከተማችን በእግሩ የመሄድ መብት ያለው ድሃ ብቻ ነው። ድሃ በፀሐይ ቢሄድ፣ በጭቃ ቢሄድ፣ ከኢታንግ ጋምቤላ ድረስ ዓሣ ተሸክሞ ቢሄድ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ትንሽ ሹመት ያለው ሰው ግን ከደጃፉ እስከ ጎረቤቱ ደጃፍ በእግሩ ከሄደ አገር ይታመሳል። ምን ሆነ? ማን ነካው? መኪናውስ?

ይህ ሕግ ድሮ አልነበረም። ክልል ከመሆናችን በፊት ሁላችንም በእግራችን እንሄድ ነበር፤ ስፖርት ብሎ የጠራው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ክልል ሆንን። ከክልል ጋር ቢሮ መጣ፣ ከቢሮ ጋር መኪና፣ ከመኪና ጋር ቦርጭ። ቦርጭ የሌለው ኃላፊ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ተቆጠረ። ደገኞቹ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ይዘውልን መጡ። አማርኛ አስተማሪ ነኝና የማውቀውን ነው የምናገረው፤ ከተማሪዎቼ መካከል ግስ ማርባት የሚቸግረው ሞልቷል፣ ይህችን ተረት የሚስታት ግን አላጋጠመኝም።

ባሌ ኡቻላም ተሾመ። በግብርና ቢሮ የዓሣ ሀብት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሲያገባኝ እንደ ባሮ ዳር ሸንበቆ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ወንዙን በዋና ተሻግሮ ሲመለስ እንኳ ትንፋሹ አይሰማም። ከሹመቱ በኋላ ግን ልብስ ሰፊው ሱሪውን ባሰፋለት ቁጥር «እንኳን ደስ ያለዎት» ይለው ጀመር። ጎንበስ ማለት ስላቃተው የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ከእኛ ጋር ይጀምራል፤ አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድምፁን ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ደግሞ ድምፁን ወድጄ ነበር ያገባሁት።

እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ለካው፣ ደረቱን አዳመጠው፣ ከዚያም ሳያለሳልስ ነገረው። «ልብዎ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ እርስዎ ግን ሁለት ሰው አሸክመውታል። ገና አልደከመም፣ እየሄደ ያለው ግን ወደዚያው ነው። ዛሬ ከጀመሩ እንደርስበታለን። ጨውና ጮማ ይቀንሱ፣ የግፊቱን መድኃኒት ይዋጡ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ» አለው። ኡቻላ ከዚህ ሁሉ ምክር ይዞ የወጣው «ይዋጡ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

መዋጥማ ማን ብሎት! በቀጥታ ሐጂ ከድር ሱቅ ሄደ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ከተማችን ውስጥ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትን ዕቃ እንኳ ሲሸጡ ከልባቸው ነው። «ይኼ እኮ ልብን እንደ ሳሙና ነው የሚያጥበው፣ ወላሂ! አዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይኼንን ነው የሚውጡት» ብለው ከባሕር ማዶ የመጣ የዓሣ ዘይት እንክብል ሰጡት። የነጭ ሽንኩርት ክኒን ጨመሩለት፣ ቫይታሚንም መረቁለት።

እንግዲህ አስቡት። ባሮ በጓሯችን በኩል ይፈሳል። ዓሣው ከመብዛቱ የተነሳ ገበያ ላይ ዝንብ የሚያባርርለት አጥቶ ይውላል። ሰውየው የዓሣ ሀብት ክፍል ኃላፊ ነው። ይህ ሰው ከማያውቀው ባሕር የወጣ፣ ስሙን የማያውቀውን ዓሣ በብልቃጥ ገዝቶ ቤቱ ይገባል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም ትላላችሁ? አማቴ አንዷን እንክብል ወደ ብርሃን አንስተው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። የዓሣ ዘይት ነው አልኳቸው። እንክብሉን አገላብጠው አዩና «ዓሣውንስ ማን በላው?» አሉ።

ኡቻላ እንክብሉን የሚውጠው ጮማ ጥብሱን ጨርሶ፣ ጣቱን ልሶ ነው። ሥጋው የሠራውን ኃጢአት ዓሣው ያስተሰርይልኛል ብሎ ያምን ነበር። ወዳጆቹም እያንዳንዳቸው መላ ይዘው መጡ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላው የሎሚ ውሃ በባዶ ሆድ፣ ሦስተኛው ከመቲ ጫካ ያስመጣው መራራ ሥር። ልብ ብዬ ሳያቸው ሁሉም መድኃኒቶች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ሁሉም ተቀምጦ የሚወሰዱ ናቸው። ብልቃጡን ለሐኪሙ ሳሳየው «ምግብ ማሟያ ነው እንጂ የልብ ጠባቂ አይደለም፤ መራመድን በብልቃጥ የሚሸጥ ሰው ገና አልተወለደም» አለኝ።

በመጨረሻ አሸነፍኩት። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን እስከ ድልድዩ አብረን መሄድ ጀመርን። መጀመሪያ በየማንጎው ዛፍ ሥር ያርፍ ነበር። እየቆየ የሚያርፍባቸው ዛፎች ቀነሱ። ሱሪው ሰፋው። አንድ እሑድ አጠገቤ ቆሞ አዝማቹን እስከ ጫፍ ዘመረው፤ እኔ አቋርጬ እሱን ሳዳምጥ ነበር።

ግን ከተማው አይቶናል።

ጥፋቱን የጀመረው ሾፌሩ ነው። አለቃው በእግሩ ሲሄድ ቢያይ ደነገጠና ባዶ መኪናውን ከኋላችን ቀስ እያደረገ ይነዳ ጀመር። ሰዉ ይህን አይቶ ምን አለ? «መኪናውን ሊያስረክብ እየሄደ ነው።» ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ጠዋት ኃላፊ ሆኖ የወጣ ሰው ማታ ተራ ሰው ሆኖ የሚገባበት። ስለዚህ በእግሩ የሚሄድ ሹም ሲታይ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። የቢሮው ዘበኛ ከወንበሩ መነሳት ተወ። ምክትሉ ለኃላፊው ክፍል መጋረጃ ሲለካ ተገኘ። ጎረቤቴ ስኳር ይዛ መጥታ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተቀመጠች፤ ከዚያም «እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል» አለችኝ። ስፖርት እየሠራ ነው አልኳት። «አሃ» አለች አንገቷን እየነቀነቀች፤ «አሁን እንዲህ ነው የሚሉት?»

አጎቱ ከኢታንግ በጭነት መኪና መጥተው «ልጄ፣ አትፈር፤ ወንዝ ዳር ያለው የበቆሎ መሬት አለልህ» አሉት። ይባስ ብሎ እሑድ ፓስተሩ ጉባኤውን አስነስተው «ከሥራው ለተነሳው ወንድማችን» ጸለዩ። ኡቻላ አጠገቤ ቆሞ ስለ ራሱ መሻር አሜን አለ። ምን ያድርግ? ጸሎት ላይ ተቃውሞ ይነሳል?

በማግስቱ የቢሮው አለቃ አስጠሩት። «ሕዝቡ ክልሉ መኪና አጣ እያለ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ እያበላሸህ ነው» አሉት። በቃ፤ መራመዱ እዚያ ላይ አበቃ። አልተሻርኩም ለማለት ከበፊቱ የባሰ በመኪና መሄድ ጀመረ። መንገድ ማዶ ካለው ጎረቤታችን ቤት ለመድረስ መኪና ይጠራል፤ ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ እኔ ተሻግሬ እጠብቀዋለሁ። ለመንኩት። ይበሉ፣ የፈለጉትን ይበሉ፣ እኔ ከጎንህ እሄዳለሁ አልኩት። «አሪየት፣ ልቤን ማን ያየዋል? መኪናው ግን ይታያል» አለኝ። እንክብሉን ግን አላቋረጠም። ማንም እንክብል በመዋጡ ተሻረ ተብሎ አያውቅም።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ጠዋት ከመኪናው ወርዶ የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆመ። ሾፌሩ እንደነገረኝ «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠ። አልተነሳም። ከኪሱ ብልቃጡን አውጥተው ሰጡኝ፤ ግማሹ ገና አልተዋጠም ነበር።

በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን በዚያው በቢሮ መኪናው፣ በነጩ ፒክ አፕ ጫኑት። ከኋላው ከተማው በሙሉ ወጣ፤ አለቃውም፣ ምክትሉም፣ ፓስተሩም፣ ሐጂ ከድርም በነጭ ጀለቢያቸው። በዚያው እሱና እኔ በምንሄድበት መንገድ፣ በዚያው ማንጎ ሥር፣ እስከ ድልድዩና ከድልድዩም ወዲያ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እያለከለኩ ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በመኪና የሄደው እሱ ብቻ ነበር። ክብሩ አልተነካም።

እኔ አሁንም ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። እሱ ያርፍባቸው የነበሩትን ዛፎች አንድም ሳልዘል እቆምባቸዋለሁ። ባለፈው ሐጂ ከሱቃቸው በር ላይ አይተውኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እህቴ አሪየት፣ እሱ ዓይኑን ሲከድን መኪናውን ወዲያው ወሰዱብሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ሐጂ፣ ወሰዱብኝ» አልኳቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን በእግርሽ ትሄጃለሽ ብሎ በዚያ መንገድ ያስቆመኝ ሰው የለም።