ያመጣው ይቅመሰው

እኛ የቢራ ጣዕም ማውራት አልለመደብንም። ቀዝቅዟል ወይስ አልቀዘቀዘም፣ አለቀ። እዚህ ሲያትል ግን ብርጭቆ ያነሳ ሁሉ መጀመሪያ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ “የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ማር” እያለ የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ይመስላል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ማን ቀመሰው? ድግስ ላይ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ፉት ካላለ ጠላውን ማን ይነካዋል? ሰው ተጠራጥረን እኮ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተጠራጥረን ነው።

ባለፈው እዚሁ ሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ፣ ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁ ቤት፣ ለልጃቸው ለራሔል ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ራያን የሚባል ፈረንጅ ነው፤ ሽማግሌውም አባቱ ሚስተር ዴቪድ ብቻ፤ ራያን ራሱም አብሮ መጥቷል። አስተርጓሚው እኔ። ጋሼ ቀድመው “ደስ ካላለኝ አልሰጥም፣ እንዳትለማመጠኝ” ብለውኛል። ራሔልና እናቷ እትዬ አስካለ ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል፤ ራሔል ጥፍሯን ትበላለች።

ሚስተር ዴቪድ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አያታቸው ፈረንሳዊት ነበሩና አምበር የሚሉትን የፈረንሳይ ቢራ ይዘዋል፤ ቀለሙ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ነው። ጋሼ ቀዱና አንዱን ብርጭቆ ወደ እንግዳው ገፋ አድርገው ጠበቁ። እንግዳው ፈገግ እንዳሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ጋሼ አሁንም ጠበቁ። ጭንቅ ሲለኝ የራሴን አነሳሁ። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ቀጥሎ ስኳር የነካው ዳቦ ቆሎ፣ መጨረሻው ጌሾ ያነሰው ጠላ። ክፉም ደግም ያልሆነ፣ ተራ ቢራ።

“ግሩም ነው ጋሼ!” አልኩ።

“አንተን ማን ጠየቀህ? ያመጣው ይቅመሰው።”

ራያን ማዶ ሆኖ በባዶ እጁ የመኪና መሪ እያዞረ ጠቀሰኝ። ገባኝ።

“ድራይቭ ስለሚያደርጉ ነው ጋሼ።”

“ልጁ ይንዳ።”

“ዳዲ፣ ፕሊስ!” አለች ራሔል። ዞረውም አላዩዋት፤ ብርጭቋቸውን ሳይነኩ ወደ ጠረጴዛው መሃል መለሱት። በቃ፣ ልጅቷ ቀረች አልኩ በሆዴ። ሚስተር ዴቪድ ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ልጃቸው “ዳድ፣ ኖ” ቢልም ቀጥ ብለው ተቀመጡና ተናገሩ።

ልተርጉመው? ሽማግሌ እኮ የሚላከው ሊያሞግስ ነው! የራሱን ገመና ሰው ቤት አምጥቶ የሚዘረግፍ ሽማግሌ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ጋሼ አፈጠጡብኝ። ተረጎምኩ።

“መጠጥ ትቻለሁ ነው የሚሉት። ሰካራም ነበርኩ፣ የራያን እናት ጥላኝ የሄደችው በዚሁ ነው። ልጄ እኔን አልወጣም። ከወጣ ግን ቀድሜ ለራሔል የምነግራት እኔው ነኝ ይላሉ።”

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቢራውን ከእንግዳው ፊት አነሱና ሻይ አቀረቡላቸው።

“ስንት ጊዜ ሽማግሌ ተልኬያለሁ፣ ስንቱንም ዋሽቻለሁ” አሉ ድምፃቸው ተቆራርጦ። “እውነት ይዞ የመጣ ሽማግሌ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።”

ራሔል አለቀሰች። እኔም፣ ምን አስዋሸኝ፣ ዓይኔን ጠረግኩ። ደስታችን ግን ሳይሞቅ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

“እሳቸው የቤታቸውን ጉድ ነግረውናል። በል፣ የእኛን ቤት ደግሞ አንተ ንገራቸው። አንድም እንዳታስቀር።”

እትዬ አስካለ ከኩሽናው በር ዓይናቸውን ተከሉብኝ። ራሔል እንባዋን ትታ አየችኝ። የዚያን ቤት ጉድ ደግሞ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም።

“ሚስተር ዴቪድ” አልኳቸው በእንግሊዝኛ፣ “ቢራው በጣም ግሩም ነው።”