ኳሷን እንደ ሊጥ ያስላጡን መምህር ሉዋን

ሦስተኛው ወር፣ ቀን ዘጠኝ። ትምህርት አርባ አንድ፣ የእጅ ጀርባ ምት፦ «ከደረትሽ ላይ ፍርፋሪ እንደምታራግፊ አስቢ፤ ግን አማትሽ እያየችሽ ነው፤ ስለዚህ…»

ከዚህ በታች የማስታወሻ ደብተሬ ገጽ ባዶ ነው። የአሸዋ ነፋስ ተነሣና «ቀሪውን ነገ» አሉኝ መምህር ሉዋን። በማግስቱ ከእንቅልፋቸው አልነቁም።

የጠረጴዛ ቴኒስ ባለበት ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ መምህር አይጠፋም። ራኬት አይዝም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆምና በሳትክ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። በቻይናዋ ዳቶንግ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን መንበር የያዙት ከባቡር ፋብሪካ ጡረታ የወጡት ክቡር መምህር ሉዋን ነበሩ።

እኔ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ወጣቷ አሠልጣኝ ወይዘሪት ሃው ነበረች። ክርን ዘጠና ዲግሪ፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ክብደት በቀኝ እግር… ሃያ ሦስት ነጥብ ጽፌ በቃሌ ያዝኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ኳሷ አልፋኝ ሄዳለች።

«ትንሿ ጂ፣» አሉኝ መምህር ሉዋን። አምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። «ኳሷን ልትመቺያት ነው ወይስ ልትመዘግቢያት?»

«እርስዎ ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ። በግራ እጅሽ ሊጥ አለ፣ በቀኝሽ ቢላዋ። ድስቱ ፈልቷል። ላጪው!»

እኛ ዘንድ የኑድል ሊጥ እየተላጠ ወደ ፈላ ውሃ ሲበር ያላየ ሕፃን የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ ሳያስነኩኝ በሐሳብ ብቻ አስላጡኝ። የሚያልፉ ሴቶች «መምህር፣ ምሳ ደረሰ?» ሲሏቸው «ለእናንተ አይበቃም!» ይላሉ። በመጨረሻ ዓይኔን ከፍቼ ስመታ ግን ኳሷ እየተሽከረከረች መረቡን ተሻገረች። ሃያ ሦስቱን ነጥቦች ያን ቀን ረሳኋቸው።

በመከር ከሰሜን በር ሰፈር ጋር ገጠምን። ያሸነፈ የብርዱን ወራት ጠዋት ጠዋት ማሞቂያ ባለው አዳራሽ ይጫወታል፤ የተሸነፈ ውጭ፣ በውርጭ። የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ ከሰባ በላይ ናቸው። የመጨረሻው ጨዋታ እኔ ላይ ወደቀ።

አሥር ለዘጠኝ እየመራሁ ሰርቩ፣ ኳሷን ማስጀመሩ፣ የኔ ሆነ። ሊጡን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ላጥኩት፤ ከመዳፌ ላይ! ዳኛው እጁን አነሣ፤ ኳስ ወደ ላይ ሳይወረወር ሰርቭ የለም። አሥር እኩል።

«ሴትዮዋ ኑድል ቤት ትክፈት!» ሲሉ የሰሜን በሮች አሽካኩ።

ተጋጣሚዬ በተራዋ ሰርቯን መረቡ ላይ ጣለች፤ አሥራ አንድ ለአሥር፤ ለማሸነፍ ግን በሁለት መብለጥ ያስፈልጋል። አሁንም የኔ ሰርቭ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ብለው ጮኹ መምህር ሉዋን። ጥፋት ሲያምኑ ሰምቼ አላውቅም። «ሊጡን ተዪው፤ ወፍ ናት! ልቀቂያትና ከዚያ ላጪያት!»

ለቀቅኳት። ወደ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ላጥኳት። ተጋጣሚዬ መለሰቻት፤ መረቡ ያዛት። አዳራሹ የእኛ ሆነ።

ቀሪው ይህ ነው፤ እሱንም እመዘግባለሁ። በሦስተኛው ወር በዚያው በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ መምህር ሉዋን ገበያው ጥግ ወዳለው ቁልፍ ቀራጭ ሄደው የአዳራሹን ቁልፍ ሁለተኛ አስቀረጹ። ሲመለሱ በሬን አንኳኩተው «ካረፈድኩ አንቺ ክፈቺ፤ ሰዎቹ ብርድ ላይ እንዳይቆሙ» ብለው ሰጡኝና ሄዱ።