«ደጁን አትዝጉት» በተባለው ድራማ ላይ አዲስ ዘፈን ለመጨመር የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 1972 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፒያሳ፣ ውቤ በረሃ፣ የቀበሌው አዳራሽ (ቀድሞ ቡና ቤት)። ስብሰባውን የሚመራው ፕሬዚዲየም የተቀመጠው ከባንኮኒው ጀርባ ነው።
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ9፡25 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ጓድ ገነነ፣ የኪነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
2. ጓድ ፍቅሬ፣ የቅስቀሳ ኃላፊ
3. ጓድ ሙሉእመቤት፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይ
4. ጓድ ሲራጅ፣ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ
አስረጂ፦ ተክላይ፣ የኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን ተጫዋች (ድምፅ የሌለው)
ጸሐፊ፦ አይናዲስ (ድምፅ የሌላት)

ያልተገኙ፦ ጓድ ግደይ (አትክልት ተራ ሽንኩርት ገባ ሲባል ሰምተው የሄዱ)፤ ጓድ ኑሪ (ጓድ ግደይን ሊጠሩ ሄደው በዚያው የቀሩ)፤ ሰባተኛው አባል (በዝርዝሩ ላይ ስማቸውን ውኃ ስለነካው ማን እንደሆኑ ያልታወቁ)።

አጀንዳ 1፦ ምልዓተ ጉባኤን ስለማሟላት

ለስብሰባው አምስት አባላት የሚያስፈልጉ ሲሆን፣ የተገኙት አራት ብቻ መሆናቸውን ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ቆጥረው አረጋገጡ። ጓድ ሲራጅ ጸሐፊዋ ትቆጠር ቢሉም፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይቆጠርም ተብሎ ሐሳባቸው ውድቅ ሆነ። በዚህ መካከል አቤቱታ ይዘው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ የቆሙ አቶ አባይነህ የተባሉ ልብስ ሰፊ ታዩ። እኚህ ሰው ድራማውን ሃያ ስድስት ጊዜ ያዩ መሆናቸው ስለታወቀ፣ ለዛሬ ብቻ «የተመልካች ተወካይ» ተብለው ከነሙሉ ድምፃቸው አባል እንዲሆኑ ተወሰነ።

አቤቱታቸው የተነበበው ከተቀመጡ በኋላ ነው። «በድራማው ላይ አንድም ዘፈን እንዳይጨመር» ይላል። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነበር፤ ሆኖም አንዴ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ አዳዲስ ዘፈኖችን ስለመጨመር

ድራማው ከነጋዴ ጋር ርቆ ስለሄደ ልጅና ደጇን ከፍታ ስለምትጠብቀው እናቱ የሚያወሳ፣ ስድስት ዘፈኖች ያሉት የድሮ ሥራ ነው። እሑድ እሑድ አዳራሹን ይሞላል። ጓድ ፍቅሬ ስድስቱም ዘፈኖች ናፍቆት ብቻ እንደሆኑ ጠቅሰው፣ ሰፊው ሕዝብ መገንባት እንጂ መናፈቅ እንደማይጠበቅበት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ማብራሪያው አርባ ደቂቃ ወስዷል።

ጓድ ሙሉእመቤት እናትየዋ ልጇን ስትጠብቅ እጇን አጣጥፋ ከምትቀመጥ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር እንድትዘፍን ጠየቁ። ጓድ ፍቅሬ በበኩላቸው መሠረተ ትምህርት ትግባ አሉ። ጓድ ሲራጅ ስለ ስኳር ሰልፍና ስለ ትዕግሥት ራሳቸው የደረሱትን ዘፈን ቆመው አሰሙ። ጭብጨባ አልነበረም።

አቶ አባይነህ ዘፈን እንደማይጠሉ ገልጸው፣ «ልኩ የደረሰ ኮት ላይ ሦስተኛ እጅጌ አይሰፋም፤ ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሆናል» ሲሉ ተናገሩ። ጓድ ፍቅሬ ሦስተኛው እጅጌ ማንን እንደሚመለከት እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ጓድ ሲራጅ የለበሱት ኮት አቶ አባይነህ የሰፉት መሆኑንና የግራ እጅጌው ማጠሩን አስመዘገቡ። አቶ አባይነህ፣ ያጠረው እጅጌው ሳይሆን የጓድ ሲራጅ የግራ እጅ የረዘመው መሆኑን አስረዱ። ኮቱ ወልቆ ባንኮኒው ላይ ተለካ። ውጤቱ ወደፊት እንዲገለጽ ተብሎ ታለፈ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የትኛውም አባል ቅር እንዳይለው ለሰባቱም ቋሚ አባላት ሁለት ሁለት ዘፈን፣ በጠቅላላው አሥራ አራት ዘፈኖች እንዲጨመሩ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ጓድ ግደይ በሌሉበት ስለ ሽንኩርት ተመድቦላቸዋል። ሰባተኛው አባል ማን እንደሆኑ ሲታወቅ ዘፈናቸውን ይረከባሉ።

አጀንዳ 3፦ በሦስተኛው ክፍል ስላለው ዝምታ

አስረጂው ተክላይ ድራማው በዚህ አኳኋን አምስት ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅና አኮርዲዮኑም የሚተነፍስበት ጊዜ እንደማያገኝ አስታወቀ። ስለዚህ የሚቀነስ ነገር ተፈለገ። በሦስተኛው ክፍል እናትየዋ ደጁን ከፍታ ስታይ፣ ቀጥሎም የልጇን ራት ከድና ስታስቀምጥ፣ ሙዚቃም ንግግርም የሌለበት ሁለት ደቂቃ ተገኘ። ሰብሳቢው ይህን «ሥራ ላይ ያልዋለ ጊዜ» ሲሉ ሰየሙት።

ጓድ ፍቅሬ ዝምታ ለግምገማ እንደማይመች፣ የዘፈን ግጥም አስቀድሞ ሊታይ ሲችል የዝምታ ግጥም ግን ሊታይ እንደማይችል በመግለጽ ስጋታቸውን አሰሙ። በተጨማሪም ደጅን ሲመሽ ክፍት ማድረግ ከአብዮት ጥበቃ መመሪያ ጋር እንደሚጋጭ አስገነዘቡ። በዚሁ መሠረት ዝምታው ተነሥቶ በኅብረት ዘፈን እንዲተካ፣ እናትየዋ ደጁን እንድትዘጋ፣ የድራማውም ርእስ «ደጁን ዝጉት» እንዲባል በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አንሥተው ቆሙ። ሰብሳቢው፣ እሳቸው ከወጡ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚጎድልና የተወሰነው ሁሉ እንደሚፈርስ ነግረው እንዲቀመጡ አዘዙ። አቶ አባይነህ፣ ሲናገሩ ያልሰማቸው ጉባኤ ሲወጡ የሚፈርስ ከሆነ መውጣቱ እንደሚሻላቸው ገለጹ። ጓድ ሙሉእመቤት፣ «ጋሽ አባይነህ፣ እስቲ ይቀመጡ። ለሁለት ደቂቃ ዝምታ ይህን ያህል ምን ያስቆጣዎታል?» ሲሉ ጠየቋቸው። መልሳቸው ቃል በቃል የሚከተለው ነው።

«ልጄ ገብረክርስቶስ ከቤት ከወጣ በዚህ ጥር ሁለት ዓመቱ። እንደማይመለስ ተነገረን፤ ለቅሶ እንዳትቀመጡም ተባልን። አልተቀመጥንም። እናቱ ነጠላዋን እንኳ ዘቅዝቃ አልለበሰችም። እሑድ እሑድ እዚህ እንመጣለን። ያቺ ሴትዮ ደጁን ከፍታ ዝም ስትል አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ያን ጊዜ እኛም እናለቅሳለን። ሰው ሁሉ ለድራማው ስለሚያለቅስ፣ እናንተ ደግሞ ለማን ነው የምታለቅሱት የሚለን የለም። ሌላ ማልቀሻ የለንም። በስኳር ዘፈን ላይ እንዴት አድርገን እናልቅስ?»

ከዚህ በኋላ ከ11፡02 እስከ 11፡04 የተናገረ የለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘፈን እንዲጨመር ሐሳብ አልቀረበም። ጓድ ሙሉእመቤት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጓድ ሲራጅ ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። ጓድ ፍቅሬ ባንኮኒው ላይ ያለውን የቆየ የብርጭቆ ምልክት በጣታቸው ያሹ ነበር።

ሰብሳቢው፣ አቶ አባይነህ የተናገሩት ከመዝገቡ እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊዋ፣ የመዝገቡ ገጾች በቁጥር የታተሙ መሆናቸውንና ሰርዞ መገኘት የሚያስጠይቅ መሆኑን፣ ይህንንም መመሪያ የፈረሙት ራሳቸው ሰብሳቢው መሆናቸውን አስታወሰች። ሰብሳቢው ፊርማቸውን አይተው አመኑ።

ጓድ ፍቅሬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በሚላከው ግልባጭ ላይ «አቶ አባይነህ በሙያቸው ስለ መጋረጃው አሰፋፍ አስተያየት ሰጡ» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ መዝገብም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጓድ ፍቅሬ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ማብራሪያ ሳይሰጡ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሐሳቡ ጸደቀ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ጉዳዩን እንደገና ሲመረምሩት፣ አቶ አባይነህ አባል የሆኑት አራት ሰዎች ብቻ በተገኙበት ውሳኔ መሆኑን፣ አራት ሰዎች ደግሞ ምንም መወሰን የማይችሉ መሆናቸውን ደረሱበት። ስለሆነም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። አሥራ አራቱ ዘፈኖች፣ ከነሽንኩርቱ፣ ቀርተዋል። ርእሱ እንደ ድሮው ነው። እናትየዋ ደጁን ትከፍታለች፤ ዝም ትላለች፤ አኮርዲዮኑም ያርፋል። የኮቱ እጅጌ ጉዳይ ብቻ በይደር ቆይቷል።

ይህም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ድምፅ የላትም፤ እጇን ግን አውጥታለች።

ስብሰባው በ11፡20 ተበተነ። ሲበተን መፈክር ማሰማት ተረሳ። በግልባጩ ላይ ግን ተሰምቷል።