የሬሚጊዩሽ አሥራ አንድ መንገደኞች

የትም አገር ቢሆን፣ የተማሪ ዶርም ባለበት ሁሉ፣ ማንም ሳይመርጠው የጉዞ አዘጋጅ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የኩሽናው በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና "ስም ጻፉ" የሚል ትእዛዝ አለ። ሰዉም ስሙን ይጽፋል፤ መጻፍ ከመሄድ ስለሚቀል።

ፖላንድ ውስጥ፣ ሉብሊን ከተማ፣ በአንድ ዶርም አራተኛ ፎቅ ላይ ይህን ሹመት ለራሳቸው የሰጡት ክቡር ሬሚጊዩሽ ነበሩ። የሦስተኛ ዓመት የአፈር ጥናት ተማሪ ናቸው። ዘነበም አልዘነበም ብርቱካንማ የዝናብ ልብስ ይለብሳሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ሰው ከሩቅ እንዲለየኝ ነው ይላሉ። አንቱታው የፎቁ ልጆች ቀልድ ነው እንጂ፣ ፊት ለፊት ሲያገኙት ሬሜክ ነው የሚሉት።

የሬሜክ ጉዞዎች ዝና የታወቀ ነው። እንጉዳይ ለቀማ ያለ ቀን በረዶ ጣለ። የጀልባ ቀዘፋ ባዘጋጀ ጊዜ ቦዩ ለጽዳት ደርቆ ጠበቀው። አንድ ጥንታዊ ግንብ ለማየት በሄደ ጊዜ ደግሞ ግንቡ ለእድሳት በቆርቆሮ ታጥሮ ስለነበር፣ አጥሩን ሁለት ጊዜ ዞሮት ሲመለስ "አጥሩም ቢሆን የዋዛ ሥራ አይደለም" አለ። ይህን ሁሉ ፎቁ የሰማው ከራሱ አንደበት ነው። ለምን ከራሱ ብቻ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቦግና ወደዚህ ፎቅ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከምሥራቁ ድንበር አጠገብ ካለች ትንሽ መንደር የመጣች የአንደኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት። በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አላወራችም፤ ክፍል የምትጋራት ሊድያ ራሷ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተኝታ ነው ወይ የለችም። ስለዚህ ቦግና ሰኞ ጠዋት ጓዟን ይዛ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤቷ ልትመለስ ወስናለች። ይህን የምታውቀው እናቷ ብቻ ናት።

ለቅዳሜው ጉዞ ስሟ የተጻፈውም በስህተት ነው። ጥርሷን እየቦረሸች መተላለፊያው ላይ ሳለች ሬሜክ አስቁሟት ስለ ካዚሜዥ ዶልኒ፣ ቪስዋ ወንዝ ዳር ስላለችው ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ነገር ነገራት። አፏ በአረፋ ስለተሞላ ራሷን ነቀነቀች። እየሰማሁህ ነው ማለቷ ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን አወጣና ጻፋት። ስህተቱን ላስተካክል ብትል ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት፤ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ባይ ምን አለበት ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ብርቱካንማው ልብስ ብቻውን ቆሟል። ሬሜክ በላስቲክ የተሸፈነ ዝርዝሩን አውጥቶ በጣቱ ቆጠራት።

"እስካሁን አንድ ነን" አላት፤ "እኔን ሳይጨምር።"

"ሌሎቹስ?"

"በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣሉ።"

በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ስም አለ። ሊድያም አለችበት፤ ቦግና ግን ጠዋት ስትወጣ ሊድያ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንድ ጥርጣሬ ገባት። ይሄ ሰው ሌሎቹ እንደማይመጡ እያወቀ ይሆን እንዴ የጋበዘኝ? ለሊድያ መልእክት ጻፈችላት። ብቻችንን ነን፣ ይሄ ጉዞ ነው ወይስ የፍቅር ቀጠሮ ብላ ጠየቀች። ሊድያ ዝርዝሩን ይዟል ወይ አለቻት። ይዟል አለች። እንግዲያው ቀጠሮ አይደለም ብላ መለሰችላት።

ካዚሜዥ ሲደርሱ አደባባዩ ላይ ርግብ እንኳ የለም። ሬሜክ መሃል ላይ ካለው የጉድጓድ ውሃ አጠገብ ወጥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የከተማዋን ታሪክ ለአሥራ አንድ ሰው ያህል መተንተን ጀመረ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል ወይ እያለ ይጠይቃል። ቦግና ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ጃንጥላ የያዙ አንዲት ሴትዮ የምርጫ ቅስቀሳ መስሏቸው ትንሽ ቆሙና፣ ሲሰለቻቸው ሄዱ።

ከዚያ ከተማዋ የምትታወቅበትን፣ በአውራ ዶሮ ቅርጽ የተጋገረውን ዳቦ ገዛ። ለሁለት ቆርሶ "ጭንቅላቱ ያንቺ ነው" አላት። ቦግና ዳቦውን ይዛ ቆመች። ጭንቅላት መስጠት ትርጉም ይኖረው ይሆን? ለሊድያ "ጭንቅላቱን ሰጠኝ" ብላ ጻፈች። ረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። በኋላ "የምን ጭንቅላት?" የሚል መጣ። እሱን ለማስረዳት ስትሞክር ስልኳ ዝናብ ገብቶበት ተዘጋ።

የዕለቱ ዋና ፕሮግራም ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ማዶ ያለውን የፈረሰ ግንብ ማየት ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ማሻገሪያው ጀልባ ታስሯል። ጀልባ አሻጋሪው፣ ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ፣ ከትንሿ ቤታቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ውሃው ሞልቷል አሏቸው። ሬሜክ ቢያንስ ግንቡን ከዚህ ላሳያት ብሎ እጁን ወደ ጉሙ ዘረጋ። ቦግና አየች። ከፊቷ ያለው ግራጫ ነገር ውሃ ይሁን ሰማይ መለየት አቃታት።

"ይቅርታ አባባ፣ ማዶው በየት በኩል ነው?" ስትል ሰውየውን ጠየቀቻቸው።

"ዛሬ ማዶ የለም ልጄ" አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ሬሜክ ይህንንም ተቀበለ። ግንቡን በሐሳባችን አይተነዋል ብሎ ዝርዝሩ ጀርባ ላይ ምልክት አደረገበትና፣ ዳገቱ ላይ ወዳለው የአፈር ሸለቆ መራት። እዚህ ሲደርስ ሬሜክ ሌላ ሰው ሆነ። ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የቆመ ቢጫ አፈር ነው፤ የዛፎቹ ሥር ከላይ ተንጠልጥሏል። መጮኹን ትቶ ቀስ ብሎ አወራት። ይህን አፈር ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነፋስ ተሸክሞ እንዳመጣው፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ቆሞ ውሃ ሲነካው እንደ ዱቄት እንደሚሟሟ ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው ነበር የሚያወራው። ቦግና በደንብ ልትሰማው አንድ እርምጃ ጠጋ ስትል እግሯ ከዳትና ከነካፖርቷ በጀርባዋ ጭቃው ውስጥ ተዘረረች።

ሬሜክ ሊያነሳት እጇን ሲይዝ እሱም ተንሸራቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ለመነሳት አልቸኮሉም። ቦግና ለምን እንደሆነ አሁንም አታውቀውም እንጂ፣ እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች፣ ሰኞ ትምህርቱን ትታ እንደምትሄድ ነገረችው። ሁለት ወር ሙሉ በሯን ያንኳኳ ሰው እንደሌለም ነገረችው።

ሬሜክ ብርቱካንማ እጅጌው ላይ ያለውን ጭቃ ጠረገ። 

"ሃያ ስድስት ጉዞ አዘጋጅቻለሁ" አላት። "ማንም መጥቶ አያውቅም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

"ታዲያ ለምን ታዘጋጃለህ?"

"ካላዘጋጀሁ በሬን ማንም አያንኳኳም። ሳዘጋጅ ግን ቢያንስ እንደማይመጡ ሊነግሩኝ ይመጣሉ። አንዱ አመመኝ ይላል፣ አንዱ እናቴ መጣች ይላል። ትላንት ማታ አሥር ሰው መጥቶ ነበር። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።"

ቦግና መሳቅ ይሁን ማልቀስ እንዳለባት አላወቀችም። አሥሩም እንደማይመጡ ነግረውት ከነበረ ጠዋት ስለሚቀጥለው አውቶቡስ ያወራው ምን ነበር? ልትጠይቀው አስባ ሌላውን ጥያቄ አስቀደመች።

"ስለዚህ ይሄ ጉዞ ነው ወይስ ቀጠሮ?"

ሬሜክ ዝርዝሩን አወጣ። መልሱ እዚያ ላይ እንደተጻፈ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበበው። "አሥራ አንድ ሰው ነው የተጻፈው" አለ። ጆሮው ቀልቷል። ከብርድ ይሁን ከሌላ ነገር ቦግና መለየት አልቻለችም፤ የምትጠይቀውም ሰው አልነበረም።

ዶርም ሲደርሱ ካፖርቷ ሰው የሚያህል ጭቃ ተሸክሟል። አጥባ የራሷ ክፍል ማሞቂያ ላይ ብታሰጣው አልበቃም፤ ካልሲው፣ ሹራቡ፣ ሱሪው በመተላለፊያው ማሞቂያዎች ሁሉ ላይ ተንጠለጠለ። እሁድ ቀኑን ሙሉ የፎቁ ልጆች ይሄ የማን ነው እያሉ ሲያንኳኩ ዋሉ። ለእያንዳንዱ መናገር ነበረባት። ስለ ጉሙና ስለ ጀልባው ደጋግማ ስታወራ ሊድያ ሳትቀር ከአልጋዋ ተነስታ ሰማች። ግንቡን አያችሁት ወይ ሲሏት ቦግና በደንብ አየነው አለች። ለምን እንደዋሸች ለራሷም አልገባትም።

እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ስልኳ ደርቆ ሲበራላት፣ ለእናቷ ደወለች። ካፖርቴ ስላልደረቀ ነገ አልመጣም፣ በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት መንገድ አይሞከርም አለቻት። እናቷም ልክ ነሽ አለች።

ካፖርቱ ማክሰኞ ደረቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ቆማ፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሬሜክ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ በሰው መሃል ሲመጣ እያየች ሳለ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። ያ ካፖርት እስካሁን አልደረቀም እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

"ገና ነው እማዬ" አለች ቦግና፤ "የዚህ አገር እርጥበት አስቸጋሪ ነው።"