ከመርዶ በፊት ቁርስ

ስለ ወዳጅነት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ሲጽፉ ልጅ የሚያስተኛላቸው ሌላ ሰው የነበረ ይመስለኛል። እውነተኛ ወዳጅ ብርቅ ነው ይላሉ። ይሁን። ብርቁን ዳላስ ውስጥ ከየት እንደማገኘው ግን አንዳቸውም አልጻፉልኝም። እዚህ አገር ያለ ምክንያት የሰው ደጅ የሚያንኳኳ ፖሊስ ነው፣ አለዚያም ሰባኪ። ሌላው ሰው ከሰው ለመጠጋት ሰበብ ይፈልጋል፤ ውሻ፣ ስፖርት፣ ልጅ። ከሰበብ ሁሉ የባሰውን ያየሁት በልጄ በሰናይት በኩል ነው።

ሰናይት ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም፤ ራሷ ቤት ነው የምታስተምራቸው። ሆምስኩል ይሉታል። አትቆጡ፤ እኔ ለሁላችንም ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። እንደሷ ቤት የሚያስተምሩ የአገራችን እናቶች ግሩፕ አላቸው፤ ረቡዕ ረቡዕ እዚሁ ዳላስ ጥግ ጋርላንድ አንድ መናፈሻ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፤ እናቶቹ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ዘርግተው ስለ ሒሳብ መጽሐፍ ያወራሉ። እኔም ቤት ብቻዬን ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ እከተላቸዋለሁ። ስለ ባል አይወራም፤ ሆድ ስለሚያስብስ ነገር አይወራም። ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሩ ይታጠፋል፤ ጓደኝነቱም አብሮ ይታጠፍና የመኪና ኋላ ይገባል።

ከእናቶቹ አንዷ ሐያት ናት። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሳክሲ ትኖራለች፤ ባሏ ትልቅ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሐያት አንድ ክፉ አመል አለባት፤ ሰው ትጋብዛለች። በየረቡዑ ትጋብዛለች። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደማይገናኝ ስለምታውቅ እኛን ክርስቲያኖቹን ቀድማ ታረጋጋለች፤ ሥጋ አልሠራም፣ ለሁላችንም የሚሆን ሽሮና ጎመን ነው ትላለች። እነሱም ኦኬ፣ ቴክስት አድርጊልን ይሏታል። ታደርግላቸዋለች። ቀኑ ሲደርስ ያንዷን ልጅ ያስለዋል፣ ያንዷ ባል የሥራ ሽፍት ይደረብበታል፣ አንዷ ጭራሽ አትመልስም። ከጋርላንድ ሳክሲ እኮ የተቀዳ ሻይ ሳይበርድ የሚደረስበት ነው። እኔስ? እኔ መኪና አልነዳም። ጥሩ ምክንያት ነው፣ አይደለም?

አንድ ዓርብ ከሰዓት ቤዛ ደወለች። ቤዛ የግሩፑ መሪ ናት፤ ማኪኒ ትልቅ ቤት ያላት፣ ስትናገር የማትደነቃቀፍ ሴት። ያን ቀን ተደነቃቀፈች።

«እማማ፣ የሐያት ባል ኮል አደረገኝ። እናቷ ኮምቦልቻ አርፈዋል። እሱ መንገድ ላይ ነው፣ ቶሎ አይደርስም። ሶ... ጓደኞቿ እናንተ ናችሁ፣ እናንተ አርዷት አለኝ።»

«ጓደኞቿ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰናይት አጠገቤ ሆና ስትሰማ አንገቷን ደፋች። የሐያት ልጅ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው እናውቃለን። ሴቷ ልጇ ከዕድሜዋ በላይ እንደምታነብ እናውቃለን። እንግዲህ ጓደኞቿ እኛ ነን።

መርዶ ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስቦ ይኬዳል፤ የሚናገረውም በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሳክሲ ደረስን። እንዳትጠረጥር መኪኖቹን ራቅ አድርገን አቆምን፤ ነጠላችንን በየቦርሳችን ሸሽገን በእግራችን ሄድን። አንዲት ፈረንጅ ጎረቤት በመስኮት አየችንና መጋረጃዋን ዘጋች። ያን ያህል ሴት በዚያ ሰዓት በእግሩ ሲሄድ አይታ አታውቅም መሰለኝ።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሐያት ተጣጥባ፣ ለብሳ፣ ሻሿን አሳምራ ቆማለች። ግቡ፣ ግቡ አለችን። ገባን። ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ሽሮው ይንተከተካል፤ ጎመኑ ቀርቧል፤ ሻዩ በፔርሙስ። ሥጋ የለም። ቤዛ እኔን አየች፤ እኔ ጣራውን አየሁ። መርዶ ይዞ ገብቶ፣ ሳይናገሩ ከባለሐዘኗ እጅ መብላት የትም አገር አልተሰማም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሐያት፣ ልጄ፣ እስቲ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«መጀመሪያ ይብሉ፣ እማማ።»

«የመጣነው እኮ...»

«አውቃለሁ» አለችና ሳህን አስያዘችኝ። «ከትናንት ወዲያ የእህቴ ልጅ የእናቴን ፎቶ ከነሞቷ ወሬ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አየሁ። ባሌ እናንተን እንደሚልክ ገብቶኛል፤ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። አንዴ ካለቀስኩ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሁሉ ለለቅሶ ነው የሚመጣው። ማለቴ... መጀመሪያ እንግዶቼ ሁኑልኝ። እስከ ቁርስ ብቻ።»

በላን። እንዴት ወረደልሽ አትበሉኝ። ሐያት ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረች አጎረሰችን፤ ሰናይት ስለ ልጇ በተናገረችው ቀልድም ከልቧ ሳቀች። ቤዛ ዕንባዋ እየወረደ ጨምሪልኝ አለች። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሽሮ በመብላት ቸር ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሻዩ ሲያልቅ ሐያት ሳህኖቹን አነሳች፤ እጇን ታጠበች፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አሁን ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። ምንም እንዳልሰማች አድርጌ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል ነገርኳት። እሷም ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸች። ነጠላችንን አውጥተን እኛም ጮኽን። ግን ለቅሶ በደፈናው አይለቀስም፤ ሟች በስም ይጠራል። «እናቴ» ማለት የልጅ ፋንታ ነው፤ እኛ ማን ብለን እንጥራ? አንዷ ሌላዋን አየች፤ ሌላዋ እኔን አየች። ድምፃችን እየሳሳ ሄዶ ሊቆም ደረሰ።

ሐያት ገባት። ለቅሶዋን አቋረጠች፤ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፤ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፦

«ከድጃ ነው ስሟ» አለችን። «ከድጃ።»

ከዚያ ቀጠልን።