የአቶ ደምሰው አያት በሸክላ

ሰው አሮጌ ዕቃ ቢወድ አልቃወምም። እኔም አባቴ የተወልኝ ጃንጥላ አለኝ። ዝናብ ያስገባል፣ ግን አልጣልኩትም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ ሰው አሮጌ ዕቃ ሳሎኑ ውስጥ ይጎልትና ዕቃው ስለ ዘሩ የሚመሰክርለት ይመስለዋል። እስቲ አሁን የኔ ጃንጥላ ስለ አባቴ ምን ያውቃል? ዝናብ ሲመታው እንደነበር ያውቅ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምንም።

ይህን ያነሳሁት በደርግ ጊዜ ቦሌ ጎረቤቴ ስለነበሩት ስለ አቶ ደምሰው ብዬ ነው። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ስል ነው። ለሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አቶ ደምሰው ባለ ጥሩምባ ግራሞፎን ነበራቸው። በእጅ የሚሞላ፣ መብራት የማይፈልግ፣ የድሮ የድሮ። ሳሎኑ መሃል በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ሙሽራ ይገለጣል። ሸክላውም አንድ ብቻ ነው። «ይኼ ላይ ያለው የአያቴ የግራዝማች ደስታ ድምፅ ነው» ይሉናል። ፈረንጆች ድምፅ መያዣቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ፣ አያታቸው መኳንንቱ ፊት ቆመው ሲፎክሩ የተቀዳ ነው አሉ። ማን ሰምቶታል? ማንም። እሳቸውም ራሳቸው አልሰሙትም። የመሣሪያው መርፌ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ያኔ ስኳር እንኳ በቀበሌ ወረፋ ነው፤ የግራሞፎን መርፌ ማን ያስመጣል? አያትየው ዝም ብለው ኖሩ። ዝም ያለ አያት ደግሞ እንዴት ያለ አያት መሰላችሁ! የተባለውን ሁሉ ይሆናል።

ሆኑም። እኔ ሰፈሩ ስገባ ግራዝማች ነበሩ። ክረምቱ ሲወጣ ቀኛዝማች ተባሉ። ትንሽ ቆይቶ ፊታውራሪ፣ ከዚያ ደጃዝማች። በዚያ ሹመት ሁሉ በቀረበት ዘመን፣ ሞተው ማዕረግ የሚጨመርላቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ጊዜው ጊዜ ነው። ደጃዝማች አያት አለኝ ብሎ መጮህ የሚያመጣው መዘዝ ይታወቃል። ስለዚህ አቶ ደምሰው ጉራቸውን የሚነዙት መጋረጃ ዘግተው፣ በሹክሹክታ ነው። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ደግሞ ብድግ ብለው ግራ እጃቸውን ያነሱና «እኔ ከድሃ አራሽ ቤተሰብ የተወለድኩ» ብለው ይጀምራሉ። አንድ አያት ከመጋረጃው ውጭ አራሽ፣ ከመጋረጃው ውስጥ ደጃዝማች። በሹክሹክታ የሚጎርር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጆሮ ይኮረኩራል።

ማስተማርም ይወዳሉ። ድምፅ መጀመሪያ የተያዘው ስስ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ሰም ላይ፣ ቀጥሎ ሸክላ ላይ እያሉ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያስረዱናል። ያኔ ማይክሮፎን የለም፤ ዘፋኙ አፉን ጥሩምባው ውስጥ ከትቶ ይጮኻል። ማን መሆኑ እንዲታወቅም አንዳንዱ በቅድሚያ ስሙን ይናገራል። ይህችን ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው፤ ልብ በሉልኝ። ቴፕ ግን አይወዱም። «ክር ላይ የተጠመጠመ ድምፅ ምን ክብር አለው? ሲላላ በእስክሪብቶ የሚጠመጠም!» ይላሉ። ሸክላስ ቢወድቅ አይሰበርም ወይ ብላቸው፣ የሚወድቅበት ቤት አይደለም አሉኝ። አያችሁ ንቀት!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አቶ ደምሰው አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰብለ። ባንክ ትሠራለች፤ ጨዋ፣ ቁም ነገረኛ። እንዴት ከእሳቸው እንደወጣች አላውቅም። ብሩክ የሚባል የአውሮፕላን አስተናጋጅ ወደደች፣ እሱም ወደዳት። ብሩክ ደህና ልጅ ነው። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ አባቱ አቶ አሰፋ ላምበረት አካባቢ ጠጅ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ይጫወታሉ። አቶ ደምሰው ይህን ሲሰሙ ሹክሹክታውን ረሱት። «የአዝማሪ ልጅ? በኔ ቤት?» ሲሉ እኔ በግድግዳው ማዶ ሰማሁ። ሰብለም እሱን ካልሆነ ማንንም አላገባም ብላ ከአባቷ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ተወች። የምር ነበር። ልጅቷ እየከሳች ስትሄድ ሁላችንም አየን፤ እኔም ጨከንኩባቸው።

ብሩክ ብልህ ነው። ሰውየውን ምን ደስ ይላቸዋል ብሎ ሰብለን ጠየቀና ከሮም በረራ ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የግራሞፎን መርፌ አመጣላቸው። አቶ ደምሰው መርፌውን ተቀበሉ። ሰጪውን ግን አልቀበልም አሉ። መርፌውንስ ለምን ተቀበሉ ቢባሉ «ስጦታ መመለስ ነውር ነው» አሉ። ነውርስ አልቀረባቸውም!

ብሩክ ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ወሎዬ ነጋዴ፣ አንደበታቸው ማር። አቶ ደምሰው ቁርጥ ያለ መልስ አዘጋጅተው ጠበቁ። ልመናውን አያታቸው ራሳቸው እንዲመልሱት ነው የፈለጉት፤ መርፌውንም ለዚያ ቀን ብለው ሳይሞክሩት አቆዩት። ደጃዝማች ሲፎክሩ ሲሰማ የማሲንቆ ወገን አፍሮ ይሄዳል ብለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይደል? እኔንም ለምስክርነት ጠሩኝ። ሰብለም የቅድመ አያቷን ድምፅ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ጓዳ በር ላይ ቴፗን አስቀምጣ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች።

ሽማግሌዎቹ በወጉ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አቶ ደምሰው ተቀመጡ አላሏቸውም። ይልቅ ዘር መቁጠር ጀመሩ። «ደምሰው መንገሻ፣ መንገሻ ደስታ፣ ደስታ ጎበና…» እያሉ ወጡ፣ ወጡ፣ ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። «አሁን ደግሞ ደጃዝማች ራሳቸው ይናገሩ» ብለው መጋረጃውን ዘጉ፣ መዘውሩን አዙረው ሞሉ፣ መርፌውን አሳረፉ።

መጀመሪያ ቆሎ የሚቆላ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ማሲንቆ። ፉከራ በማሲንቆ ይጀመራል እንዴ አልኩ በልቤ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጥሩምባው ውስጥ ጮኸ፦ «ደስታ የጎበና ልጅ ነኝ!» አቶ ደምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደረታቸውን ነፉ። ከዚያ ዘፈኑ መጣ፦

ደስታ የጎበና ልጅ መች ያውቃል ማረስ፣
በማሲንቆው ያድራል ጌታ ደጅ ሲደርስ።

አንዲት ግጥም ደጃዝማቹንም ገበሬውንም አንድ ላይ ቀበረቻቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሸክላ ላይ ከተቀዳማ ምን ይደረጋል? አቶ ደምሰው መርፌውን ቶሎ አነሱ። «ይኼ… ይኼ ሌላ ደስታ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ሌላ የጎበና ልጅ ደስታ ከየት መጣ? አያቴ ነው ብለኸኝ አይደል ጨርቁን ሳጥብለት የኖርኩት?»

 ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። እንግዲህ አቶ ደምሰው፣ መቀመጥ እንችላለን?»

ተቀመጡ። አቶ ደምሰውም እሺ ከማለት ሌላ ምን አላቸው? ሰብለ ያን ቀን ከአባቷ ጋር ራት በላች። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

አላለቀም። ሰብለ በደስታ ካሴቱን ለብሩክ ሰጠችው፤ ብሩክም ለአባቱ አሰማ። አቶ አሰፋ እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ አስመልሰው ደግመው ሰሙ አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አዝማሪ መሆኑስ ደግ። ግን ይኼ ሰው ማሲንቆውን አልቃኘውም። ቅኝት ከማያውቅ ቤት ልጅ አላመጣም።»

ሳቅሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በኋላ ግን ሰብለን ሳያት ሳቄ ቆመ፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። አቶ ደምሰውም አዩዋት። እሳቸው የሠሩት ግድግዳ በሌላ ወገን ቆሞ ልጃቸውን ሲያስለቅስ ሲያዩ፣ መቼም አባት ናቸው፣ ያልተደረገውን አደረጉ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ላከ! ሐጂ ሰይድ፣ እኔና አንድ ጎረቤት ተነሳን። እሳቸውም በወጉ እንደሚገባው ቤት መጠበቅ አቅቷቸው ከኋላችን ተከተሉን።

ላምበረት ደረስን። አቶ አሰፋ በር ላይ አቁመውን፣ ተቀመጡ ሳይሉ ያዩናል። ሐጂ ሰይድ ማሩን አፈሰሱት፤ አልሠራም። አቶ ደምሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልጄን አይበድሉብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ እሱም አልሠራም። በመጨረሻ እኔ ተናደድኩ። «ጌታዬ፣ ልጅቷ እኮ የባንክ ሠራተኛ ናት! በሕይወቷ ዘፍና አታውቅም!» አልኩ።

አቶ አሰፋ ፊታቸው በራ። «አትዘፍንም? እንግዲያ ቅኝት አታበላሽም! ምነው ቀድማችሁ ሳትነግሩኝ! ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። አንድ ግዴታ ብቻ አስገቡን፤ ሸክላው ሠርጉ ላይ እንዳይመጣ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አቶ ደምሰው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያያሉ። ሰው ሆኑ፣ ተማሩ ብዬ በልቤ ይቅር ልላቸው ነበር። ብዙም ሳንርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣ «ቅኝቱ እኮ የተበላሸው ሸክላው ስላረጀ ነው» አሉኝ።  ቦሌ ልንደርስ ስንል ደግሞ ጠጋ አሉ። አያታቸው የቤተ መንግሥት አዝማሪ ሆነዋል። እቤታቸው በር ላይ ስንለያይ የአዝማሪዎቹ ሁሉ አለቃ ሆነው ነበር።